ነጠላው ነጭ ነው፤ ማጀቱስ?

የእኛ ክርስትና የሚታይ ክርስትና ነው። ነጠላ እናጣፋለን፤ ማተብ እናስራለን፤ በደጀ ሰላሙ ባለፍን ቁጥር ጎንበስ ብለን እንሳለማለን፤ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሲፈታ ሰፈሩ ሁሉ በቁሌት ሽታ ይታወዳል። በዚህ ውስጥ የማፍርበት ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ «ይኸ ደግሞ ነጠላችንን ሊያስጥለን የመጣ ነው» የሚል አንባቢ ከመጀመሪያው መስመር እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው። ነጠላ ላስጥል አልመጣሁም። የመጣሁት፣ ያንን ነጠላ ቅዳሜ ማታ አጥቦና ተኩሶ ወንበር ላይ ያኖረው እጅ የማን እንደሆነ ልጠይቅ ነው።

በልብ ስላለ እምነትና በላይ ስለሚታይ ሃይማኖተኛነት አገራችን ውስጥ የሚደረገው ክርክር ያረጀ ክርክር ነው። በአንድ ወገን «ዋናው ልብ ነው» ባዮች አሉ። ልባቸውን ማንም ገልጦ እንደማያይባቸው ስለሚያውቁ፣ ዓርብ ቀን ክትፎአቸውን እየጎረሱ ስለ ልብ ንጽሕና ይሰብኩናል። በሌላው ወገን ደግሞ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚል ጉዳይ ወዳጅ እስከ መቀያየም የሚደርሱ፣ የብስኩቱ ጥቅል ጀርባ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር እየመረመሩ የወተት ዱቄት የሚፈልጉ አሉ። ሦስተኞቹ «ሃይማኖት አያድንም፤ እኛ ጌታን ነው የተቀበልነው» ይላሉ። እነዚህም ነጠላውን አውልቀው ሲያበቁ በምትኩ የራሳቸውን የሚታይ ነገር አበጅተዋል፤ ሰላምታው፣ አነጋገሩ፣ እጅ አነሣሡ፣ ከረባቱ ሳይቀር አንድን አማኝ ከሌላው የሚለይበት ደንብ ሆኗል።

ሦስቱም ወገኖች አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ሌማቱ ይቀርባል፤ ወጡ ይወጣል፤ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ይመጣል፤ ቡናው ይፈላል። ይህን ሁሉ ያቀረበችው ልጅ ግን በክርክሩ ውስጥ የለችም። ቆማለች። ስለ እርሷ የሚያነሣ ቢኖር «ነይ እስኪ፣ በርበሬ አነሰው» የሚለው ብቻ ነው።

የዛሬው ክርክሬ እንግዲህ ከሦስቱም ጋር ነው። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን እግዚአብሔር እንጂ ሰው አያውቀውም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የልብን ነገር ፈጽሞ አናውቅም ብሎ መደምደም ለግብዝ ምቹ መጠለያ መስጠት ነው። ሰው ማንም በማያየው ሥፍራ፣ ምንም ሊያደርገው በማይችል ሰው ላይ የሚያደርገው ነገር ልቡን ይናገርበታል። በከተማ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሥፍራ አለን። ማጀት ይባላል። ቄሱ አይገባበትም፤ ፓስተሩ አይገባበትም፤ ማኅበርተኛው አያየውም። እዚያ ያለችው ምስክር አንዲት ናት፤ የእርሷን ቃል ደግሞ የሚቀበል የለም። ስለዚህ የቤታችን ክርስትና የልብ ይሁን የላይ ለማወቅ የሚሻ ሰው የቤት ሠራተኛዋን ኑሮ ይመልከት እላለሁ። ለነገሩማ ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ቀድሞኛል።

የኢሳይያስን ምዕራፍ 58 ስለ ጾም ሲሰበክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ለተራበ እንጀራን ስለ መቁረስ፣ የታረዘን ስለ ማልበስ የሚናገረውን ክፍል በቃላችን እናውቀዋለን። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ስንሰማ አንዳች ነገር ጆሯችንን ይደፍነዋል መሰለኝ። ሕዝቡ «ስንጾም ለምን አላየኸንም?» ብሎ ፈጣሪውን ሲከስ፣ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ስለ ሥጋና ስለ ቅቤ አይደለም። በጾማችሁ ቀን የራሳችሁን ፈቃድ ትፈጽማላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ነው የሚለው። ጾማቸውን ዋጋ ያሳጣው ሠራተኛው ነው ማለት ነው። ነቢዩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የማጀታችንን በር ከፍቶ ገብቷል።

አሁን የእኛን ጾም እንየው። ሰባቱ አጽዋማት ሲደመሩ ምእመኑ ሊጾማቸው የሚገቡት ቀኖች በዓመት ከ180 አያንሱም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የጾም ዓላማ ማጉደል ነው፤ ምግብን ማሳነስ፣ ሥጋን ማድከም፣ የተረፈውን ለድኻ መስጠት። በአባቶች ዘመን የጾም ገበታ ቆሎና ንፍሮ፣ ቢበዛ ሽሮ ነበር፤ ዛሬም በየገጠሩ እንዲሁ ነው። የከተማው የጾም ገበታ ግን ከፍስኩ ገበታ በልጦ ቁጭ ብሏል። ምስሩ ቀዩም አልጫውም፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ተጋቢኖው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ አዚፋው፣ ቲማቲም ቁርጡ፣ ቃሪያ ሥንጉ፤ አንዱ ቢጎድል «ዛሬ ምነው ገበታው ባዶ ሆነ?» ይባላል። ሥጋ ወጥ ቢሆን በአንድ ድስት ያልቅ የነበረው ሥራ በጾም ሰባትና ስምንት ድስት ይጠይቃል። ሱፉን የምትቆላውና የምትወቅጠው ማን ናት? ድስቶቹንስ የምታጥበው? ጾም በገባ ቁጥር ለእትዬ ነፍስ ሥራ ይቀልላታል፤ ለልጅቷ ጀርባ ሥራ ይበዛበታል። እመቤቲቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ስትቀመጥ፣ ልጅቷም በዚያ ሁሉ የምግብ ሽታ መካከል ቆማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ የእርሷ ጾም ግን ጾም ተብሎ አይቆጠርላትም። ሥራ ነው።

ሰሙነ ሕማማትንም እንመልከት። ጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያናችን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የምታስብበት ቀን ነው። ጳጳሱና ካህኑ ዝቅ ብለው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። እግር ማጠብ በዚያን ጊዜ የሎሌና የገረድ ሥራ ነበር፤ ጌታ የመረጠው የእነርሱን ሥራ ነው። በእኛም አገር የጌታን እግር ማታ ማታ ሞቅ ባለ ውኃ ማጠብ የገረድ ፈንታ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም የታዘዘው ሳይቀር ያልቀረበት ቤት ይገኛል። እንግዲህ እትዬና ጋሼ ጸሎተ ሐሙስ እግራቸውን በካህን እጅ አሳጥበው ወደ ቤት ሲመለሱ ጉልባኑ ተቀቅሎ ይጠብቃቸዋል። ስቅለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ይውላሉ፤ ማታ ኃጢአታቸውን ለካህን ተናዝዘው፣ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ ተደርገው፣ ተጨማሪ ስግደት ታዝዘው ጉልበታቸውን እያሹ ይመጣሉ። ልጅቷም ጉልበቷን ታሻለች። እርሷ ግን የዋለችው ለፋሲካ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ቤት ስትጠርግና መጋረጃ ስታጥብ ነው። የስቅለትን ዕለት እንባ በሽንኩርት ነው ያፈሰሰችው።

ቅዳሜ ሹር ዶሮው ይገነጠላል፤ ዐሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ ሲታጠብ ሲታጠብ ይመሻል። ሌሊት ቤተሰቡ ነጠላውን ለብሶ ጧፍ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እርሷ ወጡ እንዳያርርባት ትጠብቃለች፤ ቤትም ትጠብቃለች። «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲባል አልነበረችም። ዶሮ ጮኾ ቤተሰቡ ሲመለስ በር የምትከፍተው፣ ገበታ የምታቀርበው፣ የተበላበትን የምታነሣው እርሷ ናት። ከዚያ ከዐሥራ ሁለቱ ብልት ለእርሷ ምን እንደሚደርሳት ሁላችንም እናውቃለን፤ አንባቢን አላስቸግርም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ከቤተሰቡ እኩል የጾመች ክርስቲያን ናት፤ ትንሣኤውን ግን በቁልፍ ቀዳዳ ነው የሰማችው።

«ይህ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ከሃይማኖት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይነሣል። ለዚህ ጠያቂ የራሳችንን ታሪክ ላስታውሰው። በዚህች አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተደረጉት ታላላቅ ክርክሮች አንዱ ስለ ሰንበት የተደረገው ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑዱ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር ብለው በመቆማቸው ከአገራቸው ወጥተው ተሰደዱ፤ በ1352 እ.ኤ.አ. ያረፉትም በሰው አገር፣ በአርመን ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ከማዕረግ እየተከለከሉ፣ እየተሳደዱ በአቋማቸው ጸኑ። ከመቶ ዓመት ያህል ክርክር በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። መቶ ዓመት ሙሉ የተሰደዱለትና የተወገዙበት ዕረፍት ነው።

ለመሆኑ ሰንበት ለምን ታዘዘ? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ምክንያቱን አልደበቀም። ሎሌውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው ይላል፤ ቀጥሎም እናንተም በግብፅ አገር ባሮች እንደ ነበራችሁ አስቡ ይላል። መጽሐፉ ገረዲቱን በማዕረጓ ጠርቶ ከሕጉ ውስጥ አስገብቷታል። እኛ ደግሞ ሁለቱን ሰንበታት አክብረን፣ ከሁለቱም እርሷን አስወጥተናታል። ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያዋ ቀን ነው፤ እሑድ የእንግዳ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከስደት አገራቸው ተነሥተው መጥተው አንዱን የከተማ ቤት ቅዳሜና እሑድ ቢጎበኙ፣ የተከራከሩለትን ዕረፍት ሳሎን ውስጥ ያገኙት ይሆናል። ማጀት ሲገቡ ግን ገና ደብረ ምጥማቅ አልተሰበሰበም።

«ጌታን ተቀብያለሁ» የሚለው ቤትም ከዚህ ነፃ አይደለም። የጸሎት ኅብረት በየሳምንቱ በተራ በየቤቱ ይደረጋል። ሃያና ሠላሳ ሰው ይመጣል፤ ይዘመራል፤ ቃል ይካፈላል፤ ስለ ፍቅርና ስለ አንድ አካል መሆን እንባ እስኪመጣ ድረስ ይጸለያል። ሻዩን ያፈላችው፣ አምባሻውን የጋገረችው ልጅ ያንን ሁሉ ብርጭቆ ስታጥብ እኩለ ሌሊት ይሆናል። መዝሙሩ በግድግዳው በኩል ይሰማታል። «ለሁሉም የሆነ ወንጌል» ሲባል «ሁሉም» ከሳሎኑ በር ላይ ይቆማል። የእኛ የጽዋ ማኅበርም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ተብሎ ጠላው የሚጠመቀው፣ ዳቦው የሚደፋው በማን ጉልበት እንደሆነ ይታወቃል። ማኅበሩ የኔ ቢጤን የማብላት ወግ አለው፤ ደጅ ላለው ድኻ ቁራሽ ይወጣለታል። ለደጁ ድኻ የታሰበው ግን ቤት ውስጥ ላለችው አልታሰበም። የውጪው ድኻ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በሕዝብ ፊት ይመርቃልና።

አሁን ደግሞ ወደ ሰበቦቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና በጣም የተወደደው «እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ደግ አነጋገር ይመስላል። ግን አንድ ጊዜ ልጅዎን ይመልከቱ፣ እመቤቴ። ልጅዎ ስንት ሰዓት ይነሣል? የሚበላው ከማን ጋር ነው? የሚተኛው የት ነው? ሳሕን ቢሰብር ከምን ላይ ይቆረጥበታል? ሲታመም «ሥራ ጠልቶ ነው» ይባላል? ትምህርቱን በስንተኛ ክፍል አቋረጠ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለሁለቱም አንድ ከሆነ «እንደ ልጄ» ማለት ይገባዎታል፤ እኔም እጅ ነሥቼ አልፋለሁ። ካልሆነ ግን ይህ ቃል የሚያገለግለው ደመወዟን ላለመጨመር ነው። «ልጅ» ደመወዝ አይጠይቅማ!

ሁለተኛው ሰበብ «ኑሮ ተወዷል፤ እኛስ ምን ተርፎን?» የሚለው ነው። እውነት አለው። የቤት ሠራተኛ የምትቀጠረው በባለጠጋ ቤት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ለመሥራት ሲወጡ ልጅ የሚይዝላቸው ሲያጡ ከጠባብ ደመወዛቸው ቀንሰው ይቀጥራሉ። በእነዚህ ላይ ሸክም ልጨምር አልፈልግም። ግን የምጠይቀው ከሞላ ጎደል ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። የተስማሙበትን ደመወዝ በወሩ ቀን መስጠት ተጨማሪ ሣንቲም አያስወጣም። የሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈል ብሎ ያዘዘው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ነው፤ ምክንያቱንም አስከትሎ ድኻ ነውና ነፍሱን የሚያሳድረው በእርሱ ነው ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ ድምፅ አውጥቶ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ይገባል ብሎ ጽፏል። «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» እየተባለ ዓመት የሚያድረው ደመወዝ፣ ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር እየተሸረፈ መጨረሻ ላይ የሚከራከሩበት ደመወዝ ጩኸቱ የት የደረሰ ይመስላችኋል? ከዚያው ገንዘብ ላይ ለሕንፃ ማሠሪያ ተሰጥቶ፣ በድምፅ ማጉያ ስም ተጠርቶ እልል ሲባልስ እግዚአብሔር የትኛውን ይሰማል?

ሦስተኛው ሰበብ «እነርሱም እኮ ቀላል አይደሉም፤ ይሰርቃሉ፤ ልጅ ይመታሉ፤ በማግስቱ ጥለው ይሄዳሉ» ነው። የሚሰርቁም፣ የሚከፉም አሉ፤ ሰው ናቸውና። የሰው ልጅ ሁሉ መልካም ከሆነ በኋላ ብቻ መልካም እንሁን ካልን ግን ክርስትና ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ከገጠር በዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሦስት ዓመቷ በደላላ እጅ ተነድታ የመጣች ልጅ፣ እናቷን የናፈቀች ልጅ፣ የማታውቀውን የኤሌክትሪክ ምድጃ እየፈራች የምትነካ ልጅ፣ ጥላ ብትሄድ ማነው የሚፈረድበት?

ሕግ ይዳኘን እንዳንል ሕጉም ከደጃፉ ላይ ቆሟል። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ወጣ፤ ከእርሱ በኋላ 377/1996 ወጣ፤ ከዚያም 1156/2011። ሦስቱም ስለ አሠሪና ሠራተኛ የታወጁ ናቸው፤ ሦስቱም የሥራ ሰዓትንና የሳምንት ዕረፍትን ደንግገዋል፤ ሦስቱም ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም የቤት ሠራተኛዋን፣ ከሽፋናቸው ውጭ አድርገዋታል። የፋብሪካው ሠራተኛ የሥራ ተቆጣጣሪ አለው፤ ማኅበር አለው፤ ሰዓት አለው። እርሷ ያላት የአሠሪዋ ኅሊና ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ነገሩ የሃይማኖት ነው የምለው። ሕግ የሚያስገድደው ሰው ሕግ ፈርቶ ይሆናል መልካም የሚሠራው፤ ሕግ በማይደርስበት ማጀት ውስጥ ግን እግዚአብሔርን መፍራት አለመኖሩ ያለ ሽፋን ይታያል። «ዋናው ልብ ነው» ትሉ አልነበረም? ይኸው! ልብ ብቻውን የሚፈርድበት ቦታ አገኘሁላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው ሲመለሱ ምን ያህል እንደተንገበገብን ይታወሳል። በየጊዜው ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሊባኖስ ስለ እኅቶቻችን የሚመጣው ወሬ ያስለቅሰናል። ከሌሊት እስከ ሌሊት መሥራታቸው፣ ደመወዛቸው መያዙ፣ ከቤት እንዳይወጡ መከልከላቸው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ፈቃድ ማጣታቸው ያንገበግበናል። ሻማ አብርተናል፤ ጸልየናል፤ «አረመኔዎች!» ብለናል። ልክ ነን። ግን አገራችን ያለውን ገበታ እናስተውል፤ ከሌሊት እስከ ሌሊት የምትሠራው ማን ናት? ደመወዟ የተያዘባት፣ ከቤት እንዳትወጣ በር የተቆለፈባት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያልተፈቀደላት ማን ናት? በባዕድ ቤት የተከለከለችው ቢያንስ በባዕድ ሃይማኖት ሰው ነው። እዚህ የከለከላት እኮ ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ነው! «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ያለ ነገር አልተረቱትም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ ቅዳሴ ትቀድሳለች። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም የሚጠራ ነው። ይህ አባት የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ያስተማረው ትምህርት አለ፤ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ክርስቶስን በመቅደስ ውስጥ በሐር እያለበስክ፣ ውጪ በብርድ ታርዞ ሳለ አትለፈው፤ ጠረጴዛውን በወርቅ ጽዋ ሞልተህ እርሱ ግን በረሃብ ቢያልቅ ምን ይጠቅመዋል? ጽዋውን አትሥራ አላለም። መጀመሪያ የተራበውን አብላ፣ ከተረፈህ ጠረጴዛውን አስጊጥ ነው ያለው። አፈወርቅ እንዲህ እያለ ቁስጥንጥንያ ላይ ባለጠጎችንና ቤተ መንግሥቱን በመገሠጹ ብዙ ጠላት አፈራ፤ ተሰደደ፤ በ407 እ.ኤ.አ. በስደት መንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ። እኛ ቅዳሴውን ይዘን ትምህርቱን ትተነዋል።

ይህን ስል ሸክሙን በምእመኑ ላይ ብቻ ጥዬ አላልፍም። የነፍስ አባቶቻችንስ? የነፍስ አባት በቤታችን የተከበረ እንግዳ ነው። መጥቶ ጸበል ይረጫል፤ ሳሎኑን ይረጫል፤ መኝታ ቤቱን ይረጫል፤ ከዚያ ገበታ ይቀርብለታል፤ ልጅቷ እጁን ታስታጥበዋለች፤ መስቀል ተሳልማ ወደ ማጀቷ ትመለሳለች። «ጾምሽን ጾምሽ ወይ? ስግደትሽን ሰገድሽ ወይ?» ብሎ እመቤቲቱን ይጠይቃል። መጠየቁ ደግ ነው። «የዚህችን ልጅ ደመወዝ ከፈልሽ ወይ? ንስሐ የምትገባበት፣ የምትቆርብበት ቀን ሰጠሻት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንት ነው? ለልጅቷስ የነፍስ አባቷ ማነው? ነፍስ የላትም? ጥያቄው ለወንጌል ሰባኪዎችም ነው። ስለ ዐሥራት በየእሑዱ የሚሰብክ መድረክ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ በዓመት አንዴ ቢሰብክ ምን ይጎድልበታል? ይጎድልበት ይሆናል። አድማጩ ይቀየመዋልና።

እንግዲህ «ታዲያ ይህ ሁሉ ጾምና ስግደት ምን ያደርጋል? ይቅር!» ለሚለው ችኩል ደቀ መዝሙር መልስ አለኝ። ጌታ ከአዝሙድና ከከሙን ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉትን ሲወቅስ፣ ዐሥራቱን አቁሙ አላላቸውም። ይህንን ልታደርጉ፣ ያንንም ሳትተዉ ይገባችኋል ነው ያላቸው። ጾም የለመደ ሰው «አይሆንም» ማለትን የለመደ ሰው ነው፤ ሆዱን እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው ቁጣውንና ስስቱን እምቢ ይላል ብዬ አላምንም። የሚታየው ሥርዓት የማይታየው ልብ ማሠልጠኛ ነው። ችግሩ ሥልጠናውን ጨርሰን ጦር ሜዳው ሲመጣ መተኛታችን ነው፤ ጦር ሜዳው ደግሞ ከቤታችን ወለል በላይ አይርቅም። ጾሙ ይጠንክር። ከስምንቱ ድስት አምስቱ ይቀነስና በእውነት ጾም ይሁን፤ ልጅቷም ለስግደት ጊዜ ታግኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደመወዟ በተስማማችሁበት ቀን፣ በእጇ፣ ሳይሸረፍ ይሰጣት። የማታ ትምህርት ቤት ካለ ትማር፤ ከገበታው የበላችሁትን ትብላ፤ ተቀምጣ ትብላ። «አንቺ!» መባሉ ቀርቶ እናቷ ባወጣችላት ስም ትጠራ፤ የክርስትና ስምም አላትና እርሱንም እወቁላት። ይህ ጽድቅ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ይህ ገና ሰው የመሆን ነገር ነው። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ ይላል የአገራችን ሰው፤ እኛም ቅጡን ሳንይዝ ነው ስለ ጽድቅ የምንከራከረው።

ለመጀመሪያ እርምጃ ግን አንድ ቀላል ጉዳይ አለ። እሑድ ጠዋት ሁሉም ሰው ቅዳሴ ወይም አምልኮ ከሄደ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሌባ አለ፤ ሕፃን አለ፤ እሳት አለ። እስከ ዛሬ የጠበቀችው እርሷ ናት። የፊታችን እሑድ ጋሼ ይጠብቁ። የሚቀጥለውን እትዬ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ትልቁ ልጅ። ነጠላም ካጣች ያጠበችውን ነጠላ አንድ ጊዜ ለብሳው ትሂድ። ይህን ያነበባችሁ አባወራዎችና እማወራዎች ነገሩን ቤታችሁ ስታነሡት ማን እንደሚቆጣና ምን ብሎ እንደሚቆጣ ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ልቡ ያለው እዚያ ነው።